«በየትኛው አንቀጽ?» ባዩ ኢሶፖ

የትም መንደር ብትሄዱ ፖሊስ «ቁም!» ሲል ሁሉም ይቆምና አንድ ሰው ብቻ «ለምን?» ይላል። መቆሙንስ እሱም ይቆማል። ችግሩ ከቆመ በኋላ አለመሄዱ ነው። ፖሊሱ ሰልችቶት «በቃ ሂድ» ቢለው እንኳ «ቀድሞስ በምን ሥልጣንህ አቆምከኝ?» ብሎ እዚያው ይተከላል። እኛ ሌሎቻችን ደግሞ እሱን ለመጠበቅ የተፈጠርን ይመስል ከኋላው ተሰልፈን ፀሐይ ይፈጀናል።

የኛ መንደር ዕጣ ኢሶፖ ነው። በውቅያኖስ መሃል ባለችው በሳቫኢ ደሴት ላይ ስንትና ስንት መንደር እያለ ፈጣሪ ለይቶ ለኛ ሰጠን። ሰው ወገቡ ላይ ሲጋራ ወይም ስልክ ይሽጣል፤ ክቡር ኢሶፖ ግን በሽርጡ መታጠፊያ የሚሸጠው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሕገ መንግሥት ነው። ዝናብ እንዳይነካው፣ ላብ እንዳያበላሸው ይሳሳለታል። ለሚስቱ እንዲህ ሲሳሳ አላየሁም። የፓርላማውን ክርክር በሬዲዮ የሚያዳምጠው ደግሞ እኛ የራግቢ ጨዋታ በምናዳምጥበት አኳኋን ነው፤ ይጮኻል፣ ጭኑን ይመታል፣ አፈ ጉባኤውን እንደ ዳኛ ይሰድባል።

እኔ ኤቱአቲ እባላለሁ። ከመንደራችን እስከ ወደቡ ገበያ የሚመላለሰውን ሰማያዊ አውቶብስ የምነዳው እኔ ነኝ። ኢሶፖ ደግሞ የዘወትር ተሳፋሪዬ ነው። ከሹፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር የአባቱ ርስት ትመስለዋለች። እናም ስለዚህ ሰው ለማውራት ከኔ የተሻለ ሰው የለም፤ የሱን ድምፅ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ነው ያረጀሁት።

አውቶብሳችን ውስጥ ወንበር ሲሞላ ሰው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ተሳፋሪ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ ቆሞ መሄድ ደግሞ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ደልደል ያለው ከታች፣ ቀጠን ያለው ከላይ ይሆናል። ማን የማን ጭን ላይ እንደተቀመጠ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጠዋት ኮንስታብል ፔሌቲ መንገድ ላይ አስቆመን። ፔሌቲ የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሰማያዊ ሽርጡ ሁልጊዜ የተተኮሰ። አንገቱን በበሩ አስገብቶ ራስ መቁጠር ጀመረና መሃል ላይ ጠፋበት።

«ጋሽ ኤቱአቲ፣ ኧረ በዛ! ይሄ እኮ አውቶብስ ነው፣ የጎደሬ ጆንያ አይደለም።»

እንዲህ ሲል እኔ «ይቅርታ ልጄ» እላለሁ፣ እሱ «ሁለተኛ እንዳይለምድዎት» ይላል፣ በማግስቱ ይለምደኛል። ስንት ዓመት የኖርንበት አሠራር ነው። የዚያን ዕለት ግን «ይቅ...» ብዬ ሳልጨርስ፣ አንዲት ወፍራም የዓሣ ነጋዴ ጭኑ ላይ የተሸከመው ኢሶፖ በሴትዮዋ ብብት ሥር ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ።

«በየትኛው አንቀጽ?»

አውቶብሱ በሙሉ አቃሰተ።

«ጋሽ ኢሶፖ፣ እባክዎን ዛሬ አይጀምሩ» አለ ፔሌቲ።

«ልጄ፣ ጥያቄዬን በትሕትና ነው የማቀርበው። ደንቡ ቆሞ መሄድ ክልክል ነው ይላል። የቆመ ሰው አየህ?»

«አላየሁም፤ ግን...»

«ጭን ላይ መቀመጥ ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለ? ካለ አንብብልኝ። ከሌለ በምን ሥልጣንህ ነው መንገዳችንን የምትዘጋው?»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ነጋዴዋ ከላዩ ሆና። «አፍህን ዝጋ፣ ዓሣዬ ሊበላሽ ነው!»

«እትዬ፣ መብትሽን እያስከበርኩልሽ ነው።»

«መብቴ ይቅርብኝ፤ ዓሣዬን አስከብርልኝ!»

ፔሌቲ ደንቡን ከሞተር ሳይክሉ ሳጥን አውጥቶ ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ፣ ኢሶፖም ከነሸክሙ አንገቱን አስግጎ አብሮት ሲያነብ፣ እኛ ተቀቀልን። ገበያ ስንደርስ ዓሣው ሽታው ከኛ ቀድሞ ወርዶ ነበር።

ይሄ እንግዲህ ፖሊስ ሲመጣበት ነው። ራሱ ፖሊስ ሲጠራ ደግሞ ይብሳል። አንዴ አሳማው ተሰረቀችበት። ፔሌቲ መጣ። ፍለጋ የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ የኛ ቤት ጣሪያና ምሰሶ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ አሳማዋ ከሦስት ቤት ማዶ ምሰሶ ላይ ታስራ ለመንደሩ ሁሉ ትታያለች። ጌታዋን ስታይ ጭራሽ መጮህ ጀመረች። ፔሌቲ ሊፈታት ሲራመድ ኢሶፖ እጁን ዘርግቶ አገደው።

«የመበርበሪያ ፈቃድ ይዘሃል?»

«ምን? አሳማዋ እኮ የእርስዎ ናት! ይኸው እየጠራችዎት ነው!»

«አሳማዋ የኔ ናት። ቤቱ ግን የሱ ነው። ዛሬ ለኔ አሳማ ብለህ ሳትጠይቅ ከገባህ፣ ነገ ለማን ብለህ የኔ ቤት እንደምትገባ ምን አውቃለሁ?»

ምስኪኑ ፔሌቲ ከዳኛ ፈቃድ ሊያመጣ ወደቡ ድረስ ሄደ። ወረቀቱን ይዞ እስኪመለስ አሳማዋ ተጠብሳ ተበልታለች። ሌባው ሳይቀር አፈረና ለባለቤቷ አንድ ታፋ ላከለት። ኢሶፖ አልቀመሰውም፤ «ማስረጃ ነው» ብሎ ዝንብ ሲወርረው ዋለ። ሚስቱ በዚያ ሰሞን እናቷ ቤት ከርማ ነው የተመለሰችው።

እስቲ ይህ ሰው ራሱ ሥልጣን ሲይዝ እንይ ያልኩበትም ጊዜ ነበር። ማታ ማታ ትልቁ ዛጎል ተነፍቶ የጸሎት ሰዓት ሲሆን የመንደሩ ወንዶች መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ጸሎቱ እስኪያበቃ የሚያልፍ ሰውም መኪናም የለም። ኢሶፖ ተረኛ በሆነበት ቀን የፖሊስ መኪና መጣ። አቆመው። ፔሌቲ መሪውን እንደያዘ ዐይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ ምን ብሎ እንደጸለየ መገመት አያቅትም። እኔ ግን ደሜ ፈላና ኢሶፖን ጠጋ አልኩት።

«አንተስ በየትኛው አንቀጽ ነው የምታቆመው?»

ይደነግጣል ብዬ ነበር። ጭራሽ ደስ አለው። የሚጠይቀው ሰው ሲናፍቅ የኖረ ነው የሚመስለው።

«እኔን እዚህ ያቆመኝ የመንደሩ ጉባኤ ነው። ባጠፋ ነገ እዚያው ጉባኤ ፊት አስቀምጠው ይጠይቁኛል፤ ይቀጡኛልም። ፔሌቲም እንደኔው ይጠየቅ ነው የምለው። ሌላ ምን አልኩ?»

ሌላማ ምን ያላለው አለ! እስከ እራት ድረስ አልጨረሰውም። ፔሌቲ አንድ ቀን «ጋሽ ኤቱአቲ፣ ማሠልጠኛ ያሉት አለቆቼ ሁሉ ተደምረው የእርሳቸውን ያህል አላስጨነቁኝም» ብሎኛል። አልፈረድኩበትም። እኔም ያንን ሰው ከአውቶብሴ የማወርድበትን አንቀጽ ስፈልግ ስንት ዓመቴ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ገብቼ አውቶብሴን የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር አቁሜ ገና ትኩስ ካካዎዬን ሳልጠጣ ፔሌቲ ቤቴ መጣ። የጎረቤት መንደር ሰው የሆኑትን አባባ ቫይፋሌን አውቶብስ ገጭቷቸው አመለጠ። ኮኮናት የጫኑበት ጋሪ ደቅቋል፣ እሳቸው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገብተዋል። ያዩት ነገር ቢኖር ሰማያዊ አውቶብስ መሆኑን ነው።

«በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት የሚያልፈው ሰማያዊ የእርስዎ ነው» አለኝ ፔሌቲ መሬት መሬት እያየ። «ለማንኛውም ጣቢያ ድረስ...»

«ልጄ፣ ማንንም አልገጨሁም።»

«ይሁን፣ ጣቢያ እንነጋገር።»

ጣቢያ ሄድን። አልተነጋገርንም። «ጠዋት እንጨርሰዋለን» ብሎ ቆለፈብኝ። እኔም እውነት ስለያዝኩ ጠዋት እወጣለሁ ብዬ ተኛሁ። እናቴን ረስቼ ነበር።

እናቴ ፖሊስ በከንቱ አይዝም ብላ ታምናለች። ከዚያ በላይ የምታምነው ደግሞ እኔ አነዳድ እንደማልችል ነው። ስለዚህ አጎቴን ቀሰቀሰች፣ ዘመዱ ተሰበሰበ፣ የቅድመ አያቴ እጅ የሠራው፣ ይቅርታ የሚለመንበት የክብር ምንጣፍ ከጣሪያው ሥር ወረደ። ጎህ ሲቀድ ሁሉም አባባ ቫይፋሌ ደጃፍ ላይ ነበሩ፤ ምንጣፉን ራሳቸው ላይ ተከናንበው፣ መጠበሻቸው የሚሆን ማገዶና ቅጠል ፊታቸው አኑረው፣ «ማገዶውም ይኸው፣ እኛም ይኸው፤ ያሻችሁን አድርጉን» ብለው ተንበረከኩ። የሽማግሌው ልጆች ወጡ። ገጀራቸውን ይዘው ረዥም ጊዜ ቆሙ። በመጨረሻ ትልቁ ልጅ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ከእናቴ ራስ ላይ አነሣላት። ይቅር ተባልን። ሁሉም ተቃቅፎ አለቀሰ።

ታዲያ እኛ ዘንድ ልጁ ላላጠፋው ጥፋት ተንበርክኮ የሚያውቅ ቤተሰብ የለም። ፀሐይ ሞቅ ሳትል ደሴቱ በሙሉ ኤቱአቲ ሰው ገጭቶ ማምለጡን አወቀ። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፔሌቲ ፊቱ በርቶ ክፍሌን ከፈተው። «ጋሽ ኤቱአቲ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ይቅር ተባሉ!»

«ምን አድርጌ?»

«እንግዲህ... ቤተሰብዎ ተንበርክከዋል። እዚህች ላይ ገጭቻለሁ ብለው ይፈርሙልኝ። ዳኛው ይቅርታውን ሲያይ ያቀልልዎታል።»

ያቀልልኛል ሲል እስሩን ነው። መንጃ ፈቃዴን ግን ማንም አይመልስልኝም። ያለ እሱ አውቶብሱ የዶሮ ማደሪያ ነው፤ ከዚያ አውቶብስ የሚበላው ደግሞ የቤተሰቤ ሁሉ አፍ ነው። ይሄን እያሰብኩ ሳለ እናቴ የተቀቀለ ጎደሬና ዓሣ በቅርጫት ይዛ ገባች። ጉልበቷ ተልጧል።

«ፈርም፣ ልጄ» አለችኝ።

«እማዬ፣ አልገጨሁም እኮ።»

«እናትህ ነኝ፤ አነዳድህን አውቃለሁ። ሰዎቹ ምንጣፉን አንሥተውልናል። አሁን አልገጨሁም ብትል እኔ ምን ልባል ነው? በዚህ ዕድሜዬ አታሳፍረኝ።»

ምን እላታለሁ? የተላጠ ጉልበቷን አየሁ። አልፈርምም ብል እናቴን ቀጣፊ ማድረጌ ነው። ይቅር ያለንን ቤተሰብ ማዋረዴ ነው። በቃ፣ ይለቅ፣ ብዬ እስክሪብቶውን ከፔሌቲ እጅ ተቀበልኩ።

«በትሕትና አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ ሰማሁ።

እውነቱን ልናገር፤ አልተደሰትኩም። እዚህም መጣ እንዴ ነው ያልኩት። ፔሌቲ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ፣ እናቴ «ወየው» አለች።

«ይሄ ሰው የተያዘበት ምክንያት ተነግሮታል? ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለውስ ተነግሮታል?» አለ ኢሶፖ ሕገ መንግሥቱን ከወገቡ እየመዘዘ።

«ጋሽ ኢሶፖ፣ ነገሩ እኮ አልቋል። ይቅርታ ተጠይቋል፣ ይቅርታው ተቀባይነት አግኝቷል።»

«ደግ አደረጉ። ይቅርታው የቤተሰቦቹ ነው፤ ማንም አይነካባቸውም። ያንተ ሥራ ግን ይቅርታ መሰብሰብ አይደለም። ያንተ ሥራ ማን እንደገጨ ማወቅ ነው። አወቅህ?»

«ቤተሰቡ ተንበረከከ እኮ ነው የምልዎት!»

«እናቱ ተንበረከከች። እናቱ አውቶብሱ ውስጥ ነበረች?»

እናቴ ብድግ ብላ ምግቡን ያወጣችበትን ባዶ ቅርጫት ትከሻው ላይ አሳረፈችበት። «አንተ ነገረኛ! በስንት መከራ ያገኘነውን ይቅርታ ልታፈርስብን ነው?»

«እማማ፣ ይምቱኝ፤ ይገባኛል» አለ፣ ትከሻውን እያሻሸ። ከዚያ ወደ ፔሌቲ ዞሮ «ከመንገዱ ላይ ምን አገኘህ?» አለው።

«ምን አገኛለሁ... የተሰበረ ጋሪ። የመብራት ስብርባሪ።»

«የመብራት ስብርባሪ! ጥሩ። የኤቱአቲን አውቶብስ መብራት አየኸው?»

ፔሌቲ ቆቡን አስተካከለ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

«አላየሁትም» አለ በመጨረሻ። «ሲመሽ ነው የሄድኩት። ጠዋት ደግሞ ይቅርታው መጣና...»

«ኢሶፖ፣ ተወኝ» አልኩት እኔ። ደክሞኝ ነበር። «ፈርሜ ልገላገል።»

«መፈረም መብትህ ነው። አልከለክልህም። አውቶብሱ ከታየ በኋላ ደስ ባለህ ቦታ ላይ ፈርም።» ይህን ብሎ የጣቢያው ወለል ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ፔሌቲ እንዲወጣ ለመነው። መልሱን ታውቁታላችሁ። ሻይ ይጠጡ ቢባል አልጠጣም፤ እናቴ ብትሰድበው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ሌሎች ሁለት ባለ ጉዳዮች ገብተው በላዩ ላይ ተሻግረውት ወጡ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ሞቀ።

ፔሌቲ እውነት ፍለጋ ሳይሆን ያንን ሰው ለመገላገል ብሎ ሞተር ሳይክሉን አስነሣ። ቢሆንም ሄደ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ልጆች አደጋው ከመድረሱ በፊት አውቶብሴ አፍንጫ ላይ ያሰሩት የአበባ ጉንጉን ጠውልጎ ከነሙሉነቱ ተንጠልጥሏል። ሁለቱም መብራቶቼ ደህና ናቸው። ጋሪ ያደቀቀ አውቶብስ አንድ ጭረት የለውም። ፔሌቲ ተመልሶ መጣና ቆቡን አውልቆ ፊቴ ቆመ።

«ጋሽ ኤቱአቲ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ፤ ወረቀቱንም እዚያው ፊቴ ቀደደው። ልጁ ጨዋ ነው አላልኳችሁም? በማግስቱ ከደሴቱ ማዶ አንድ መብራቱ የረገፈ ሰማያዊ አውቶብስ የኮኮናት ዝንጣፊ ለብሶ ተደብቆ አገኘው። የዚያ ሹፌር ዘመዶች በተራቸው ምንጣፋቸውን ተከናንበው አባባ ቫይፋሌ ደጃፍ ተንበረከኩ። ሽማግሌው ሆስፒታል ሆነው ሲሰሙ «ሰው ተገጭቶ አንዴም ይቅርታ የሚጠይቀው አያገኝ፣ እኔ ሁለቴ!» ብለው ሳቁ አሉ። እዚያው የቀረውን የኛን ምንጣፍ በልጃቸው እጅ መለሱልን። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስለ አነዳዴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ኢሶፖን ግን እስካሁን አታናግረውም።

እኔ ላመሰግነው ሄድኩ። ቤቱ ተቀምጦ የፓርላማውን ክርክር ያዳምጣል። ያመጣሁለትን የጎደሬ ቅርጫት አኖርኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ኢሶፖ፣ እናቴ እንኳ ያላመነችኝን አንተ አመንከኝ። ይሄን ውለታ መቼም አልረሳውም።»

ሬዲዮውን ቀነስ አደረገ። «ማን? እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«እኔማ የገጨኸው አንተ ነህ ብዬ ነበር። ኧረ እርግጠኛ ነበርኩ! አንተ መቼ እንደ ሰው ነድተህ ታውቃለህ?»

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን መጣህ?»

«መብራትህ ተሰብሮ ቢገኝ ኖሮ ራሴ ነበርኩ ፈርም የምልህ። አንተን ላስፈታ መሰለህ እንዴ የመጣሁት? ልጁ ሥራውን እንዲሠራ ነው እንጂ» አለና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። አንዱ የምክር ቤት አባል ምን እንዳለ እንጃ፣ ኢሶፖ ጭኑን መትቶ ጮኸ። እኔ እዚያ መኖሬን ረስቶታል።

እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን ስሳደብ ነው የሄድኩት። ቅርጫቱን ይዤበት ልመለስ ሁሉ አስቤ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ሳቅ ያዘኝ። ሳቁ ዐይኔን አስለቀሰው፤ ዕንባው ደግሞ እንደ ሳቁ ቶሎ አላቆመም። እናቴ ትወደኛለች፤ ወድዳኝ ተንበረከከች። ፔሌቲ ያከብረኛል፤ አክብሮኝ እስክሪብቶ አቀበለኝ። አጎቴም፣ ዘመዶቼም፣ ምንጣፉን ያነሡልን ሰዎችም አንድ ክፉ አላሰቡብኝም። በነዚህ ሁሉ ደግነት አውቶብሴንም ስሜንም ላጣ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረኝ። የዳንኩት ገጭቷል ብሎ በሚያምን ሰው ነው።

እንግዲህ ዳግመኛ ፖሊስ ቢይዘኝ አደራ፤ ለሚወዱኝ ሰዎች ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው። መጀመሪያ ግን ሮጣችሁ ያንን ነዝናዛ ጥሩልኝ።